በረዶ ያልወረደባቸው አምስት ዓመታት

ባለፈው ሳምንት ከመጠገኛ ቤቴ ደጃፍ አንድ አህያ ጭነቱን ጥሎ፣ ገና ያልደረቀ የገብስ ነዶ መሬት ላይ ተበተነ፤ መንገደኛው ረግጦት ሲያልፍ ጭማቂው ወጥቶ ሽታው እስከ ውስጥ ድረስ ገባ። ቀዝቀዝ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ከሥሩ የብረት ሽታ የሚመስል ነገር ያለው የተቀጠቀጠ እሸት ሽታ ነው። ለሌላው ሰው የጥጋብ ሽታ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ፣ ወደ ደጅ ወጥቼ፣ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ቢሆንም ልቤ እስኪረጋ ድረስ እዚያው መቆም ነበረብኝ።

ያደግሁት ጋይንት ደጋው ላይ፣ የድጓ ትምህርት ቤት ከሚገኝበት ከቤተ ልሔም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ሰፈር ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራበት፣ ነፋስ የማይጠፋበት አገር ነው፤ ከሰፈሩ ጫፍ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ይወርድና ከገደሉ ማዶ ስማዳ ይታያል። አባቴ የዚያ ሰፈር በረዶ መላሽ ነበረ። ሰብል እሸት ሳለ በረዶ ከወረደበት የዓመት ልፋት በሩብ ሰዓት ስለሚያልቅ፣ ደመና ሲከብድ ጉብታ ላይ ወጥቶ እየጸለየ በረዶውን የሚመልስ አንድ የቤተ ክህነት ሰው አይታጣም ነበር። በአውድማ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ለድካሙ ጥቂት እህል ይሰፍርለታል።

አባቴ ሥራውን ለምኖ አልያዘውም። በወጣትነቱ ቤተ ልሔም ገብቶ ድጓ ሲማር ቆይቶ፣ አስመስክሮ መምህር ለመሆን አንድ ዓመት ሲቀረው አባቱ ሞተውበት፣ መሬቱ ጦም እንዳያድር ብሎ የተመለሰ ሰው ነበር። ሰዎች «መሪጌታ» ብለው ሲጠሩት «መሪጌታ አይደለሁም፤ አላስመሰከርኩም» እያለ ሁልጊዜ ያርማቸው ነበር። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ልጆችን ዜማ ማስተማር። ሲያርስ እያዜመ ያርስ ነበር፤ በሬዎቹን ለማዞር ዜማውን ያቋርጥና ትልሙን ሲይዝ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። እኔም ከኋላው እየሄድኩ የት ላይ እንደሚነሣ በልቤ እገምት ነበር።

ስድስት ዓመት ሲሞላኝ የቀድሞው በረዶ መላሽ ሞቱ። እኚያ ሰውዬ በረዶ በወረደ ቁጥር በዓል የሻረ ሰው ፈልገው ስም የሚጠሩ ነበሩ። ስሙ የተጠራ ሰው እሳት የሚሰጠው፣ በሬ የሚያቀናጀው፣ ሬሳ የሚያነሣለት ያጣል። አንድ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት ከብቱን እየነዳ ወደ ቆላ ወርዶ ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም፤ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ እንኳ ማንም አያርስም ነበር። ሰውዬው በሞቱበት ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አውራ የነበሩት አያ ተገኘ ሁለት ሰዎች አስከትለው ቤታችን መጡ። አያ ተገኘ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲቀልዱ እንኳ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ነበሩ።

«ጸሎት እጸልያለሁ» አለ አባቴ ነገሩን ሰምቶ። «ደመና የማዘዝ ሥልጣን ግን የለኝም።»

አያ ተገኘ ወደ ጓደኞቻቸው ዞር ብለው «ይኸው፣ የሚያውቅ ሰው አገኘን። ያኛው ሁሉን አውቃለሁ ይሉ ነበር» አሉ። ሁሉም ሳቁ፤ አባቴም አብሮ ሳቀ። ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው የመጀመሪያው ጥፋቱ ያ ሳቅ ይመስለኛል።

በክረምት ከቀትር በኋላ ደመናው ከሰሜን ይነሣ ነበር። የዝናብ ደመና ሆዱ ጥቁር ነው፤ በረዶ የያዘው ግን ሆዱ ነጣ ብሎ፣ ጠርዙ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፤ ከመምጣቱ በፊት ነፋሱ ቀጥ ይልና ወፎቹ ዝም ይላሉ። አባቴ ያን ጊዜ ዳዊቱንና መቋሚያውን ይዞ ከቤታችን በላይ ወዳለው ጉብታ ይወጣ ነበር። እናቴ ነገር ማክበድ የማትወድ ሰው ስለነበረች፣ ጣሪያችን በሦስት ቦታ ያፈስ ስለነበረም፣ «ደመናውን ተወውና መጀመሪያ የኔን ጣሪያ መልስልኝ» እያለች ከኋላው ትተርበው ነበር። እኔ በርኖሱን ይዤ እከተለዋለሁ። መቋሚያውን መሬት ላይ ተክሎ ሲጸልይ ሌሎች እንደሚያወሩት ወደ ሰማይ እጁን አያወዛውዝም፤ ዓይኑ መሬት ላይ፣ ድምፁም ለኔ እንኳ እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ ያለ ነበር። መቋሚያውን በሁለት እጁ አጥብቆ ጨብጦት አየው ነበር። የብርዱ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት በረዶ ሳይወርድ አለፈ። ደመናው ከራሳችን በላይ ተንከባልሎ ገደሉን ተሻገረና ማዶ ስማዳ ላይ ወረደ፤ ነጭ መጋረጃ መስሎ ይታየን ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ አለፈ፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ «መሪጌታ አይደለሁም» ሲል የሚሰማው ሰው አልነበረም። ኅዳር ላይ አጨዳው ደርሶ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሲወቃ፣ እህሉን ለመስፈር የሚመጡት ሰዎች ገብተው መቀመጥ ትተው ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብለው መመለስ ጀመሩ። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ትልልቆቹ ልጆች ያሳልፉኝ ነበር። አባቴ ግን በየዓመቱ ቃል እየቆጠበ፣ በእርሻ ላይ ማዜሙንም እየተወ ሄደ።

በአራተኛው ዓመት በጋ አህያ ልንገዛ ማዶ ስማዳ ውስጥ ወዳለው ወገዳ ገበያ ወረድን። አባቴ አህዮቹን ሲያይ እኔ ገመድ ከሚሸጥ አንድ ሰው ፊት ቆሜ ነበር። ሰውዬው ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ገመዱን መጠቅለሉን ሳያቆም «በረዶውን ወደኛ የሚነዳው ሰው ያለበት ሰፈር?» አለኝ።

«አባቴ ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ሦስት ልጆች አሉኝ» አለ። «ዘንድሮ ያበላኋቸው ይህንን ገመድ ነው በለው።» አልተቆጣም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ከዚያ ሌላ ገዢ መጣበት።

ለአባቴ የተባልኩትን ቃል በቃል ነገርኩት። ገደሉን ስንወጣ ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ «ሦስት ነው ያለህ ወይስ አራት?» ሲል ጠየቀኝ። ሦስት አልኩት። ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። ያን ማታ እራቱን ሳይነካ ተኛ።

ፋሲካ እንዳለፈ ወደ አያ ተገኘ ሄዶ ሥራውን እንደሚተው፣ ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ነገራቸው። እሳቸውም በጥሞና አዳምጠውት፣ ልክ ነው፣ ድካሙ በዝቷል፣ እኛም ዝም ማለታችን ነውር ነው አሉት። በሳምንቱ ከየቤቱ ተጨማሪ እህል፣ ከዚያም ላይ አንድ ሙክት በግ ይዘው መጡ። አባቴ በጉን እያየ ደጅ ቆሞ ቀረ፤ እናቴ «በቃ፣ አሁን ጭራሽ ታሰርክ» አለችው። ቀልዷ አልነበረም።

አምስተኛው ዓመት አለፈ። በስድስተኛው ዓመት የሰፈሩ ሰው ከደጋው ሁሉ አብልጦ ዘራ። ቀድሞ ሰው ለበረዶ ይሆናል ብሎ ትንሽ እህል በጎተራ ያስቀር ነበር፤ ያን ዓመት ብዙዎቹ ያንንም ጭምር ዘሩት። አባቴ በየማሳው እየዞረ አንድ ጎተራ እንዲያስቀሩ ሲለምናቸው አስታውሳለሁ፤ እነሱ ግን «እርስዎ እያሉ?» ብለው ይስቁ ነበር። ገብሱ በመስከረም እሸት ይዞ ሲወዛወዝ አየሁ፤ እንደዚያ ያለ ውበት ዳግመኛ አላየሁም። አባቴ ግን በመንገድ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞር ነበር።

መስቀል አልፎ፣ የግሸን ማርያም በዓል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋሱ ቆመ። አባቴ ወደ ጉብታው ሲወጣ ሰዎች በየደጃቸው ቆመው ያዩት ነበር፤ የፈራ አልነበረም፤ ሊያዩ ነው የወጡት። መጀመሪያ አተር የሚያህል፣ ቀጥሎ ባቄላ የሚያህል፣ ከዚያ የዶሮ እንቁላል ያህል እየሆነ ወረደ። አባቴ በርኖሱን በኔ ላይ ጥሎ ራሱ ባዶ ራሱን ቆሞ ጸለየ፤ በግንባሩ ላይ ደም ሲወርድ አየሁ። ሲያበቃ ጸጥታ ሆነ፤ ያ ሽታም ከምድር ተነሣ። አገሩ ሁሉ በነጭ ተሸፍኖ ሳለ ከሰፈሩ ታችኛው ጫፍ አንድ ቁራጭ አረንጓዴ ቆሞ ነበር። የኛ ማሳ ነበር። በረዶው ያቆመው ከማሳችን በላይ ባለው ግጦሽ ላይ፣ ከድንበራችን ድንጋይ ሠላሳ ስምንት እርምጃ ቀርቶት ነው፤ በማግሥቱ ሄጄ ለካሁት። ከበላያችን የነበሩት አርባ ያህል ማሳዎች አንድ ቅንጣት አልተረፋቸውም።

በማግሥቱ አያ ተገኘ ስድስት ሰዎች ይዘው መጡ። ግቢው ውስጥ ቆሙ፤ ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። የማርያም ዕለት በዓል ሽሮ ባቄላ የሸመጠጠ ሰው አለ አሉ። ማንን ማለታቸው እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር፤ ከወንዙ አጠገብ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ባሏ የሞተባት እትዬ ጥሩአለም ነበረች። ጎተራዋ ከነሐሴ ጀምሮ ባዶ ነበር።

«ከእርስዎ የምንፈልገው አንድ ቃል ነው» አሉ አያ ተገኘ።

«አይታችሁ ከሆነ የኔ ቃል ምን ያደርግላችኋል?»

«እኛ ያልን እንደሆነ ሐሜት ነው። እርስዎ ካሉት ነገሩ ያልቃል።»

ከኋላ የቆመ አንድ ጎልማሳ «የማን ማሳ እንደተረፈም እኮ አይተናል» አለ፤ አያ ተገኘም ዝም በል አላሉትም። አባቴ ያኔ አንድ ስም ቢጠራ እኛ እንደምንተርፍ፣ ካልጠራ ግን ነገሩ ወደኛ እንደሚዞር እናቴ ከበሩ ጀርባ ሆና፣ እኔም ከአጠገቧ ሆኜ ገባን። እጄን ያዘችኝ። «እስከ እሑድ ጠብቁኝ» አላቸው አባቴ።

እሑድን አልጠበቀም። በነጋው ሳይጠራን ማጭዱን ይዞ ወረደ። ስንደርስ ከማሳው ጠርዝ ጀምሮ እሸቱን እያጨደ፣ ያጨደውን ነዶ ሳያስረው እዚያው ይጥለው ነበር። ገና ወተቱ ያልጠነከረ ገብስ ነው፤ ለሰውም ለጎተራም አይሆንም። እናቴ ሮጣ ክንዱን ያዘችው።

«አንተ ሰው፣ ልጆችህ ምን ሊበሉ ነው?»

«ሌሎቹ ልጆች የሚበሉትን» አላት፤ ቀና አላለም። ክንዱን ለቀቀችው። እስከ ቀትር ድረስ አጨደ፤ ሰዎች ከላይ ካለው መንገድ ላይ ተሰብስበው ያዩ ነበር፤ አንድም ሰው ድምፅ አላሰማም። እኔ ያን ዝምታ የአክብሮት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ስንወጣ አያ ተገኘ መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁት። «ጠየቅንህ፤ መለስክልን» አሉት። ስድስት ዓመት ሙሉ አባቴን «አንተ» ሲሉት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ትርጉሙን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብንም፤ ንጹሕ ሰው የገዛ እሸቱን አያጭድም፣ ስለዚህ በረዶውን ጠርቶ ያወረደው፣ የራሱንም ማሳ ያተረፈው እሱ ነው፤ ያጨደውም ስለታወቀበት ነው ብለው ነበር። አባቴ አልተከራከረም። ቢከራከር የሚቀረው የእትዬ ጥሩአለምን ስም መጥራት ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ዶማ ይዘው ጉብታውን ቆፈሩት። አባቴ የቀበረው ነገር አለ ተብሎ ነው። መቋሚያው ይተከልበት ከነበረው ቦታ ጀምረው እስከ ወገባቸው ድረስ ወረዱ፤ ድንጋይና የትል ጉድጓድ እንጂ ሌላ አልነበረም። ምንም ያለመገኘቱ ነገሩን አባሰው፤ አስቀድሞ አውጥቶታል፣ ቤቱ ውስጥ ነው ያለው ተባለ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰፈሩ አንድ ሰው ደጃችን ፊት ለፊት ካለው ግንብ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ምንም አይናገርም፤ ቤቱን ያያል፣ ሲመሽ ይሄዳል፣ በማግሥቱ ሌላው ይመጣል። እናቴ እሳት ልትጫር ጎረቤት ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። እትዬ ጥሩአለምም ወንዝ ላይ ስንገናኝ እንስራዋን ሳትሞላ ተመልሳ ሄደች። ለረጅም ጊዜ ቂም ይዤባት ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱን ልጆቿን ሳስብ ሌላ ምን ልታደርግ ትችል እንደነበር አላውቅም።

ጥምቀት እንዳለፈ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ወገዳ የገዛናትን አህያ ጭነን ወጣን። ግንቡ ላይ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ አሳለፈን። የእናቴ ወንድም እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ስለነበር ወደዚያ ሄድን።

እዚያ አባቴ ማንም የማያውቀው ሰው ሆነ፤ ይህም ጠቀመው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ ዛፍ ሥር፣ ለጥቂት ልጆች ፊደልና ንባብ፣ ኋላም ዜማ ማስተማር ጀመረ። ልጆቹ ይሳሳታሉ፤ እሱም ይሳሳታል፣ ሲሳሳት «ቆይ፣ እኔም ዘነጋሁት» ብሎ ከመጽሐፉ ያያል። ይህን ቃል ሲናገር ፊቱ ላይ የማየው እፎይታ ስድስቱን ዓመታት ሁሉ አይቼው የማላውቀው ነው። ባለፈው ዓመት ያን እሸት ለምን እንዳጨደው ጠየቅሁት። እትዬ ጥሩአለምን ለማዳን ብሎ እንደሆነ ሁልጊዜ አስብ ነበር። «ያንንስ ያሰብኩት ቆይቼ ነው» አለኝ። «ያን ጠዋት አፈርኩ ብቻ። አረንጓዴ ሆኖ ሳየው አፈርኩ።»

እኔ አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ የወፍጮ ሞተርና የውሃ ፓምፕ መጠገን ጀመርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣሉ ሞተሮችን እየፈታሁ፣ የፈታሁትን በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እየደረደርኩ፣ ያልገባኝን ከስልክ ላይ እያየሁ ለመድኩት። ሥራዬን እወደዋለሁ። የቆመ ሞተር ተነሥቶ ድምፁ ሲስተካከል የሚሰማኝን ደስታ በሌላ ነገር አግኝቼው አላውቅም። ከጋይንትም ከስማዳም ሰው ይመጣልኛል፤ አሁን አሁን «እሱ የነካው አይቆምም» ይባላል ብለው ይነግሩኛል። ይህን መስማት እፈራለሁ።

ስለዚህ የቀየርኩትንና ያልቀየርኩትን ለይቼ ለባለቤቱ እናገራለሁ። ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር የወፍጮ ሞተር አምጥተው፣ ሠርቼ ሳስነሣው «በቃ፣ ከእንግዲህ አይቆምም» አሉ። «ይቆማል አባቴ» አልኳቸው። «ይህ የፒስተን ቀለበት አርጅቷል፤ አሁን አዲሱ አልተገኘም። ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሊሆን ይችላል። ለእህል ማስፈጫ በሱ ብቻ አይመኑ።» በጥሞና ሰሙኝ፤ መረቁኝ፤ ወጡ። በሩ ላይ ለልጃቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰማሁ። «ሰማህ? የሚቆምበትን ቀን ሳይቀር ያውቀዋል።»

ሮጬ ወጥቼ መለስኳቸው። ሞተሩን ከጋሪው አስወርጄ፣ እንደገና ፈትቼ፣ ያረጀውን ቀለበት በእጃቸው አስያዝኳቸው፤ ጣታቸውን ከተበላው ቦታ ላይ አሳረፍኩት። ሽማግሌው ሲዳብሱት ቆይተው «ለካ እንዲህ ነው» አሉ፣ ትንሽም ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔና አባቴ የያዘን ፍርሃት አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነታችን፣ እኔ ሲያምኑብኝ ፈትቼ ላሳያቸው እችላለሁ፤ እሱ የቆመበት ሰማይ ግን የሚፈታ ብሎን አልነበረውም።